ከዲቪዲ ወደ እጅ ስልክ፦ ፊልም ሲታመቅ ምን ይቀራል፣ ምንስ ይጣላል?

በሰሜን ወሎ፣ በዞብል ተራራና በምዕራብ በኩል ባሉት ከፍተኛ ቦታዎች መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ በምትገኘው የቆቦ ከተማ ሰርግ ሲደገስ፣ ካሜራ የያዘ ባለሙያ ከሙሽሮቹ ፊት ፊት መሄዱ ከተለመደ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ ቀረጻው መጀመሪያ በቪዲዮ ካሴት፣ ቀጥሎ በቪሲዲ፣ ከዚያም በዲቪዲ እየሆነ ለቤተሰቡ ይሰጥ ነበር። ዛሬ የዲስክ ማጫወቻው ከብዙ ቤት ጠፍቷል፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖችም የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። ዲስኩ ግን በቁም ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። በላዩ ላይ ሰርግ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ ወይም የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች የሚጫወቱት ሶለል ተቀርጾበታል። በቀረጻው ላይ ከሚታዩት ሰዎች መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ ይኖራሉ።

እንዲህ ያለ ዲስክ ያለው ቤተሰብ የሚወስደው እርምጃ የታወቀ ነው። ዲስኩን ወደ ሙዚቃ ቤት ወይም ወደ ሞባይል ቤት ወስዶ በስልኩ ላይ ያስጭነዋል። ባለሙያው ዲስኩን በኮምፒዩተር ውስጥ ይከታል፤ አንድ ሶፍትዌር ይከፍታል፤ ጥቂት ቆይቶም ፊልሙ በስልኩ ላይ ይታያል። ቤተሰቡም ዲስኩ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብሎ ለልጆች መጫወቻ ይሰጠዋል፣ ወይም ወፍ እንዲያባርርለት ከማሽላው መካከል ያንጠለጥለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ምን እንደሚከናወን ማስረዳት ነው። ፊልምን ከዲቪዲ ወደ ስልክ ማዛወር እህልን ከአንድ ስልቻ ወደ ሌላ እንደ መገልበጥ ተደርጎ ይታሰባል። ነገሩ ግን ከመገልበጥ ይልቅ ወደ መፍጨት ይቀርባል። የራያ ገበሬ ከማሽላው ለዘር የሚሆነውን ሳይፈጭ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዱቄት ለእንጀራ ቢጠቅምም ተመልሶ አይዘራምና። በስልክ ላይ የተጫነው ፊልም ዱቄቱ ነው፤ ዘሩ በዲስኩ ላይ ያለው ነው።

በ12 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የተጻፈ ፊልም

ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለገበያ የቀረበ፣ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲስክ ነው። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ገጾች ተጣብቀው የተሠራ ሲሆን፣ መረጃው የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። መረጃው ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር እየዞረ በሚሄድ አንድ ረጅም መስመር ላይ የተጻፈ ነው። በአንዱ ዙርና በቀጣዩ ዙር መካከል ያለው ርቀት 0.74 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። በሲዲ ላይ ይኸው ርቀት 1.6 ማይክሮ ሜትር ነበር። ዲቪዲው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖ ሜትር በሆነ ቀይ የሌዘር ብርሃን ስለሚነበብ፣ 780 ናኖ ሜትር ከሚጠቀመው ከሲዲው ይልቅ መስመሮቹን አጠጋግቶ መጻፍ ተችሏል።

አንባቢ ራሱ ሊያሰላው የሚችለው አንድ አስገራሚ ቁጥር እዚህ ላይ አለ። መረጃ የሚጻፍበትን የዲስኩን ስፋት ወስደን በመስመሮቹ መካከል ላለው ርቀት ብናካፍለው የመስመሩን ጠቅላላ ርዝመት እናገኛለን፤ እርሱም ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ከቆቦ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ አራት ዲስኮች ቢተረተሩ ከቆቦ ተነስተው ወልድያ ሊደርሱ ምንም አይቀራቸውም።

ይህ ሁሉ ርዝመት በአንድ ገጽ ላይ የሚይዘው መረጃ 4.7 ጊጋባይት ነው። በዛሬው ዓይን ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ለፊልም ግን ከዚህ የባሰ ትንሽ ነው። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ማለትም በፓል፣ አንድ የዲቪዲ ሥዕል በአግድም 720፣ በቁም 576 ነጥቦች አሉት። በድምሩ 414,720 ነጥብ መሆኑ ነው። በሰከንድ 25 ሥዕሎች ይታያሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ በአማካይ 12 ቢት ብንመድብ በሰከንድ ከ124 ሚሊዮን ቢት በላይ ያስፈልጋል። የ2 ሰዓት ፊልም በዚህ ስሌት 112 ጊጋባይት ይሆናል። ዲስኩ ደግሞ 4.7 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ፊልሙ ገና ወደ ዲስኩ ሳይገባ ወደ አንድ ሃያ አራተኛ ገደማ ታምቋል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ማስተዋል ይገባል፤ በዲቪዲ ላይ ያለው ፊልም ራሱ አንድ ጊዜ የታመቀ ነው።

የእመቃው ብልሃት

በዲቪዲ ላይ የሚሠራበት የእመቃ ዘዴ ኤምፔግ-2 ይባላል። ዘዴው በሦስት ሐሳቦች ላይ የቆመ ነው።

የመጀመሪያው ስለ ዓይናችን ነው። የሰው ዓይን የብርሃንና የጥላን ልዩነት አጥርቶ ያያል፤ የቀለምን ልዩነት ግን በዚያው ልክ አይለይም። ስለሆነም የብሩህነት መጠን ለእያንዳንዱ ነጥብ ሲመዘገብ፣ ቀለም ግን ለአራት ነጥቦች አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል። ከላይ በስሌታችን ለአንድ ነጥብ 24 ቢት ሳይሆን 12 ቢት የመደብነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግማሹ ማንም ሳያስተውለው ተቀንሷል።

ሁለተኛው ሐሳብ ስለ ጊዜ ነው። ካሜራው በዞብል ተራራ ሥር የሚያልፉ ግመሎችን ይቀርጻል እንበል። ተራራው አይንቀሳቀስም። ታዲያ በሰከንድ 25 ጊዜ ተራራውን ደጋግሞ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ኤምፔግ በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ አንድ ሙሉ ሥዕል ይጽፍና ለቀሩት ልዩነታቸውን ብቻ ይመዘግባል። ግመሉም ቢሆን እንደ አዲስ አይሳልም፤ “ይህ ቁራጭ ሦስት ነጥብ ወደ ግራ ተዛውሯል” ተብሎ ይጻፋል። ዘዴው ጸጥ ላለ ትዕይንት እጅግ ይሠራል። ነፋስ ለሚያወዛውዘው የማሽላ ማሳ ግን አይመችም፤ እያንዳንዱ ቅጠል በየራሱ አቅጣጫ ስለሚንቀሳቀስ ተዛወረ የሚባል ቁራጭ አይገኝም። የሶለል ጨዋታም እንዲሁ ነው። ቀሚስ ሲወዛወዝ፣ እጅ ሲያጨበጭብ፣ አቧራ ሲነሣ ልዩነቱ ከሙሉው ሥዕል አያንስም። በስልክ ላይ የሰርጉ ንግግር ጥርት ብሎ ታይቶ ጭፈራው ሲደርስ ሥዕሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች የሚለወጠው በዚህ ምክንያት እንጂ በካሜራው ድክመት አይደለም።

ሦስተኛው ሐሳብ የሁሉም መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ናስር አህመድ፣ ሥዕልን ወደ ሞገዶች የሚለውጥ አንድ የሒሳብ ዘዴ ለማጥናት ለአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው ተብሎ ነበር። እርሳቸው ግን ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሆነው ሥራውን ቀጠሉ፤ ጽሑፋቸውም እ.ኤ.አ. በጥር 1974 ታተመ። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው ፎቶግራፍና የምናየው ቪዲዮ በአብዛኛው በዚያ “ቀላል” ሐሳብ ወይም ከእርሱ በተወለደ ዘዴ ይታመቃል። የድጋፍ ጥያቄያቸው ውድቅ የሆነባቸው ተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ ቢያውቁት አይጎዳም።

ዘዴው ሥዕሉን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍላል። በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉት 64 ነጥቦች ወደ 64 ሌሎች ቁጥሮች ይለወጣሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ የቁራጩን አጠቃላይ ብርሃንና ዝግተኛ ለውጥ ይገልጻሉ፤ የቀሩት ደግሞ ረቂቅ ዝርዝሩን፣ ለምሳሌ የሹሩባን መስመር ወይም የጥልፍን ክር ይገልጻሉ። እስከዚህ ድረስ ምንም አልተጣለም። መጣል የሚጀምረው ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ለተወሰነ አካፋይ ተካፍሎ ውጤቱ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። አካፋዩ 10 ከሆነ 47 የነበረው 5 ተብሎ ይመዘገባል፤ ሲፈታም 50 ይሆናል። 3 የነበረው ግን ዜሮ ይሆናል፤ ሲፈታም ዜሮ ነው። ያ 3 ምናልባት የአንዲት አያት የፊት መጨማደድ ነበር።

ሁለተኛው ወፍጮ

ዲቪዲውን ለስልክ የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር በመጀመሪያ በዲስኩ ላይ ያለውን ፊልም ሙሉ በሙሉ ይፈታዋል፤ ቀጥሎ በሌላ ዘዴ እንደገና ያምቀዋል። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ችግር ከላይ በሰጠነው ቁጥር ሊታይ ይችላል። 47 የነበረው በዲስኩ ላይ 50 ሆኗል። ሁለተኛው እመቃ አካፋዩን 14 ቢያደርግ፣ 50 ለ14 ተካፍሎ 3.57፣ ተጠጋግቶ 4 ይሆናል፤ ሲፈታም 56 ይሰጣል። ስህተቱ 9 ነው። 47ቱ በቀጥታ ለ14 ተካፍሎ ቢሆን ኖሮ 3.36፣ ተጠጋግቶ 3፣ ሲፈታም 42 ይሆን ነበር፤ ስህተቱም 5 ብቻ ነበር። እርግጥ በአንዳንድ ቁጥሮች ላይ ሁለቱ ስህተቶች እርስ በርስ ሊጣፉ ይችላሉ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ሲደመሩ ግን ሁለት ጊዜ የተጠጋጋው አንድ ጊዜ ከተጠጋጋው የባሰ መሆኑ አይቀርም።

ሰንሰለቱ ሲረዝም ጉዳቱ እየከፋ ይሄዳል። ከዲቪዲ ወደ ቪሲዲ የተገለበጠ፣ ከቪሲዲው ለስልክ የተጫነ፣ ከስልኩም በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ የተላከ ሰርግ አራት ጊዜ የተፈጨ ነው። በቴሌግራም የሚልክ ሰው “እንደ ፋይል” የሚለውን ምርጫ ቢጠቀም ግን ቅጂው ሳይነካ ይደርሳል።

የሁለተኛው እመቃ ልክ ለብዙ ዓመታት የተወሰነው በስልኮቹ አቅም ነበር። ቀደም ባሉት የቪዲዮ ስልኮች ላይ የተለመደው ፋይል ሥሪጂፒ የሚባለው ሲሆን፣ የሥዕሉ መጠን ብዙ ጊዜ 176 በ144 ነጥብ ነበር። ይህም በዲቪዲው ላይ ካለው አንድ አሥራ ስድስተኛ ገደማ ነው። በዲቪዲው ላይ አንድ የሰርግ አጃቢ ፊት 30 ነጥብ ወርድ ካለው፣ በሥሪጂፒው ላይ 7 ነጥብ ብቻ ይኖረዋል። በ7 ነጥብ ሰው መኖሩ ይታወቃል፤ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። በዚያን ጊዜ ይህ መሆኑ አያስወቅስም፤ የስልኩ መስኮት ራሱ ከዚያ የሚበልጥ ነጥብ አልነበረውም፣ ሜሞሪ ካርዱም ጠባብ ነበር። የ2 ሰዓት ፊልም በዚህ መጠን ታምቆ ከ130 ሜጋባይት በታች ይገባል። የሚያሳዝነው ስልኩ ካለፈ በኋላ፣ ዲስኩም ከጠፋ በኋላ፣ ያ ሥሪጂፒ ብቸኛው ቅጂ ሆኖ ሲቀር ነው። በዛሬው ሰፊ የስልክ መስኮት ላይ ሲከፈት እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ነገር ይታያል፤ ምንም ዓይነት ሶፍትዌር እውነተኛውን ፊት ሊመልሰው አይችልም። አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች ሥዕሉን “እናጠራለን” ይላሉ፤ የሚሠሩት ግን በብዙ ሺህ ሌሎች ፊቶች ተመርተው ሊሆን ይችላል የሚሉትን ፊት መሳል ነው። ለመዝናኛ ፊልም ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለእናት ፊት ግን አይበቃም።

ስለ ድምፅ

ብዙ ጊዜ ስለ ሥዕሉ ጥራት ይወራል እንጂ ስለ ድምፁ አይነሣም። በእኔ አስተያየት የባሰው ጉዳት የሚደርሰው በድምፁ ላይ ነው። በድሮዎቹ የሥሪጂፒ ፋይሎች ላይ ድምፁ ብዙ ጊዜ የሚታመቀው ኤኤምአር በተባለው ዘዴ ነበር። ይህ ዘዴ የተሠራው ለስልክ ንግግር ነው። ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ይለካል። በዚህ ፍጥነት የሚለካ ድምፅ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ሊይዝ አይችልም፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ለመቅዳት ከሚፈለገው ከፍተኛ ድግግሞሽ ቢያንስ በእጥፍ መለካት ያስፈልጋልና። በተግባር ደግሞ በሚገባ የሚያልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለው ነው። ዲቪዲው ግን ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል።

ከዚህም በላይ ኤኤምአር የድምፅን ሞገድ እንዳለ አይመዘግብም። የአንድን ሰው ጉሮሮና አፍ የሚመስል ሒሳባዊ ሞዴል ይዞ፣ “ይህ ድምፅ እንዲወጣ ጉሮሮው እንዴት መሆን አለበት?” የሚለውን ይጽፋል። ለአንድ ተናጋሪ ድንቅ ብልሃት ነው። ሶለል ግን አንድ ተናጋሪ አይደለም። አንዷ ታቀነቅናለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ከበሮ ይመታል፣ ይጨበጨባል፣ እልልታ ይቀልጣል። የከበሮው ወፍራም ድምፅ ከ300 ኸርዝ በታች ስለሆነ አብዛኛው ይቀራል፤ የእልልታው ቀጭን ክፍል ደግሞ ከላይ ይቆረጣል። በመካከል የቀረውን ሞዴሉ በአንድ ጉሮሮ ሊገልጸው ስለሚሞክር ውጤቱ ሰው በውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ግጥሙ አይሰማም። በስልክ ቅጂ ብቻ የቀረ የሶለል ቀረጻ ለባህል ተመራማሪ የማያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው። ኤኤሲ የተባለው ዘዴ የተሠራው ሙዚቃን ጭምር ታስቦ ስለሆነ ይህ ጉድለት የለበትም፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ዘመናዊ ስልኮች ሁሉ ያጫውቱታል።

ሚዶና የቀጠነች ሙሽራ

በማዘዋወሩ ጊዜ የሚፈጠሩ ሁለት ስህተቶች ከእመቃው ጋር የማይገናኙ ቢሆኑም በብዙ የሰርግ ቅጂዎች ላይ ይታያሉ። የድሮ የቪዲዮ ካሜራዎች በሰከንድ 25 ሙሉ ሥዕል ከመቅረጽ ይልቅ 50 ግማሽ ሥዕል ይቀርጹ ነበር፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ከዚያ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። በድሮው ቴሌቪዥን ላይ ይህ ችግር አልነበረውም፤ መስኮቱ ራሱ መስመሮቹን የሚያሳየው በዚሁ ቅደም ተከተል ነበርና። ስልክ ግን ሙሉውን ሥዕል በአንድ ጊዜ ያሳያል። በሁለቱ ግማሾች መካከል የሃምሳኛ ሰከንድ ልዩነት ስላለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ዳሩ እንደ ሚዶ ጥርስ ተተልትሎ ይታያል። የራያ ጎበዝ ሚዶውን በጎፈሬው ላይ ሰክቶ መታየቱ ያምርበታል፤ መላ አካሉ ሚዶ ሆኖ ሲታይ ግን ደስ አይልም። መፍትሔው በሶፍትዌሩ ውስጥ ግማሽ ሥዕሎችን የሚያዋሕደውን ምርጫ ከእመቃው በፊት ማብራት ነው። ሚዶው አንድ ጊዜ ከታመቀ በኋላ ማስወገድ አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የቅርጽ ነው። የዲቪዲው 720 በ576 ነጥብ አራት ማዕዘን የሆኑ እኩል ነጥቦች አይደሉም። ለሰፊ መስኮት የተዘጋጀ ሥዕል በአግድም ተጨምቆ ይጻፍና፣ ማጫወቻው መልሶ ወደ 1,024 በ576 ይዘረጋዋል። ያልተዘረጋ ቅጂ ሙሽራዋን አቅጥኖ ቁመቷን ያስረዝመዋል።

ዛሬ እንዴት ይሠራ?

ሁኔታው ከቀድሞው በአንድ ነገር ተለውጧል። አንድ ጊጋባይት ካርድ ሀብት በነበረበት ዘመን ሁሉንም አምቆ ከማሳነስ በቀር ምርጫ አልነበረም። ዛሬ አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ አሥራ ሦስት ሙሉ ዲቪዲዎችን ምንም ሳይታመቁ ይይዛል፤ ባለ 1 ቴራባይት ሐርድ ዲስክ ደግሞ ከ200 በላይ። በመሆኑም ሥራው ለሁለት መከፈል አለበት፤ አንድ ቅጂ ለማስቀመጥ፣ ሌላ ቅጂ ለማየት።

ለማስቀመጥ የሚሆነው ቅጂ ዲስኩ እንዳለ፣ ቢት በቢት የተገለበጠበት አይኤስኦ የሚባለው ፋይል ነው። በዚህ ውስጥ እመቃ የለም፤ ከዲስኩ ጋር አንድ ነው። ፋይሎቹን ብቻ ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ዲቪዲ ፊልሙን እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ቮብ በሚባሉ ፋይሎች ይከፋፍለዋል። አንዱ ቮብ ወደ 27 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያውን ብቻ የወሰደ ሰው ሙሽሮቹ ገና ከቤት ሳይወጡ ፊልሙ ያልቅበታል።

ለማየት የሚሆነውን ለማዘጋጀት ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ። ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ እና ኤሪክ ፕቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ሃንድብሬክ እስከ ዛሬ የሚያገለግሉ ናቸው። የሚመረጠው የእመቃ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ኤች.264 ቢሆን ይሻላል። ከእርሱ በኋላ የመጡ የበለጠ የሚያምቁ ዘዴዎች ቢኖሩም፣ ኤች.264ን የሚፈታ የራሱ ሰርኪት የሌለው ዘመናዊ ስልክ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ በቆላ ቀላል ነገር አይደለም። ስልኩ ልዩ ሰርኪት ለሌለው ዘዴ ዋናውን ፕሮሰሰር ሲያሠራ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ባትሪ የሚያልቅበት ፊልም እስከ መጨረሻው የማይታይ ፊልም ነው።

የፋይሉን መጠን አስቀድሞ ከመወሰን ይልቅ ጥራቱን መወሰን ይመረጣል። በሃንድብሬክ ይህ የሚገለጸው በአንድ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፤ ለዲቪዲ ከ18 እስከ 22 ያለው ተስማሚ ነው። ያኔ ሶፍትዌሩ ለንግግሩ ጥቂት ቢት፣ ለጭፈራው ብዙ ቢት ይመድባል። የነጥቦቹን ብዛት ከ720 በ576 በላይ ማሳደግ ፋይሉን ከማግዘፍ በቀር የሚጨምረው የለም።

በገበያ የተሸጡ ፊልሞችን በተመለከተ ሁኔታው የተለየ ነው። የውጭ አገር ፊልሞች ብዙ ጊዜ ቁልፍ ይደረግባቸው ነበር፤ በክልል ቁጥርም ኢትዮጵያ በ5ኛው ክልል ተመድባ ነበር። ቁልፉ እ.ኤ.አ. በ1999 ተሰብሯል፤ በዚህ የተከሰሰው ኖርዌያዊ ወጣት ዮን ሌክ ዮሃንሰንም እ.ኤ.አ. በ2003 በሁለት ፍርድ ቤቶች ነጻ ተብሏል። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ የሚያደርገውን አንድ ቅጂ አይከለክልም። ያንኑ ለደንበኛ እያባዙ መሸጥ ግን ከፊልም ሠሪው ኪስ መውሰድ ነው።

የትኛው ዲስክ ይቅደም?

በፋብሪካ የታተመ ዲስክ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ ጉድጓድ ነው። የሰርግ ዲስክ ግን በባለሙያው ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ ነው፤ መረጃው ያለው በሌዘር በተቃጠለ ስስ የቀለም ንጣፍ ላይ ነው። ይህ ቀለም በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ መለወጡን ይቀጥላል። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት አገር ናት፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በመስኮት አጠገብ ለተቀመጠ ዲስክ ጊዜው ያጥራል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው የዲስኩ ዳር ነው። ጽሑፉ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄድ በመሆኑ፣ በሞላ ዲስክ ላይ በዳር ያለው የፊልሙ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሰርጉ ይነበብና መልሱ ላይ ሲደርስ ማጫወቻው ይቆማል።

ዲስክ ሲጠረግ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ ባለ መስመር እንጂ በዙሪያ መታሸት የለበትም። ዲቪዲ የጎደለውን መረጃ በሒሳብ የሚተካበት ሥርዓት አለው፤ መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ጭረት ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ብቻ ስለሚያጠፋ ይተካል። መስመሩን ተከትሎ የሚዞር ጭረት ግን በአንድ ቦታ ብዙ ስለሚያጠፋ ከመተካት አቅም ያልፋል። የራያ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ስላለበት ደረቅ ጨርቅ ራሱ ይጭራል፤ አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይሻላል። አንድ ማንበቢያ እምቢ ያለውን ዲስክ ሌላው ሊያነበው ስለሚችል በሁለት ሦስት ኮምፒዩተር መሞከር ይገባል።

ቅጂዎቹም በአንድ ቤት ብቻ ባይቀመጡ ይመረጣል። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦንና አካባቢውን ሲያዳርስ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ብዙ ነዋሪም ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ይዞ የሚወጣው ስልኩን ነው፤ በቁም ሣጥን ያለውን ዲስክ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አይኤስኦው በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ባለ ዘመድ ዘንድም ቢቀመጥ፣ ስልኩ ላይ ያለው ዱቄት ቢያልቅ ዘሩ አይጠፋም።

ብዙ ዲስክ ያለውና ከየትኛው እንደሚጀምር ያላወቀ ሰው ዲስኮቹን ገልብጦ ከሥራቸው ይመልከት። እንደ ብር ነጭ ሆነው የሚያበሩት በፋብሪካ የታተሙ ናቸው፤ እነርሱ ይቆዩ። ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ያላቸው በእጅ የተጻፉት ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ዓመተ ምሕረታቸው የራቀው፣ ሌላ ቅጂም የሌላቸው በዚህ ሳምንት ይገልበጡ።